ግማሹ ሩዝ

ባለፈው እሁድ ከቡልቡላ ወደ አዳማ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከፌስታላቸው ቆሎ ዘግነው ዘረጉልኝ። «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። አልጠገብኩም ነበር። መንገደኛን በምግብ አደንዝዘው ይዘርፋሉ ሲባል ስለምሰማ፣ ከማላውቀው ሰው እጅ አልበላም። ሴትዮዋ ገባቸው መሰለኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ እኔም እየበላሁት ነው» ብለው ሳቁ።

አፈርኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አዳሚ ቱሉን ስናልፍ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜን ብሩክን ለልብ ሕክምና ህንድ አገር ይዤው የሄድኩት አስራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩ ዓመት ነው። እናታችን ስትሸኘን «የሰው አገር ነው፣ የሰጧችሁን ሁሉ አትብሉ» ብላ ነበር። እኔ ያንን ይዤ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ሾፌሩን፣ ነርሷን፣ ይልቁንም ቤት ያከራዩንን ላክሽሚ የሚባሉ ባልቴት። ሻይ ሲያመጡልን እንኳ መጀመሪያ እሳቸው እስኪጠጡ እጠብቅ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ላክሽሚ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየውን ቤተ መቅደሳቸውን ላሳያችሁ አሉ። ብሩክ ደስ አለው።

«ቤተ ጣዖት እኮ ነው!» አልኩት።

«ልየው አልኩ እንጂ ልስገድ አልኩ? ነገ ደረቴን ይከፍቱታል፣ ዛሬ ዓይኔን ልክፈት።»

ከታች እስከ ላይ ምስል የተቀረጸበት ትልቅ የድንጋይ በር ነበር። ደጁ ላይ አበባና ኮኮናት ይሸጣል። ሰዉ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ይሄኔ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ። የብሩክ ጫማ አዲስ ነው።

«እኔ ጫማ እጠብቃለሁ» አልኩ።

«በል እንግዲህ ሳጅን፣ በርታ!» ብሎኝ፣ ላክሽሚን ተደግፎ ገባ።

ፀሐይ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ታቅፌ ቆምኩ። ከውስጥ ደወል ይሰማል። የብዙ ሰው ጫማ ያለ ጠባቂ ተደርድሯል፤ ማንም አይነካውም። አየሁት፣ ግን አላመንኩም።

ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «አሮጊቶቹ ደጃፉን ነክተው እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ፣ እማዬን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ያየኋት መሰለኝ» አለኝ። በቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ይዟል። ለገባው ሁሉ ይታደላል አለ። «ግማሹን በላሁ። ይሄ ያንተ ነው።»

ተቀበልኩት። እሱ ጫማውን ሲያስር ዞር ብዬ ደጁ ላይ ለቆመች ላም ጣልኩት።

«ጣፈጠህ?» አለኝ መንገድ ላይ።

«በጣም» አልኩ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተባለ። አዳማ በገባን በሦስተኛው ወር ግን አረፈ። ሩዙን እንዳልበላሁት አልነገርኩትም። ቢሰማ ይስቅብኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልነግረው ይገባኝ ነበር። ሌላም አለ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ወንድሜ ሊያይ ብሎ በእግሩ የሄደበት የመጨረሻው ቦታ ያ ነው። እኔ ውጭ ነበርኩ። ጫማ ስጠብቅ።

ሞጆ ስንደርስ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ።

«እናቴ፣ ቆሎው አለቀ እንዴ?»

«ጠርጥረኸኝ አልነበር?» አሉና ፌስታሉን እጄ ላይ ገለበጡልኝ።

ሞቅ ያለ ነበር፣ ሱፍ ተቀላቅሎበታል። እስከ አዳማ ድረስ ቆረጠምኩ። መናኸሪያው ስንደርስ እጄን ባየው፣ ሳላስበው ግማሹን አስቀርቻለሁ።