የዛፊራ እግርና የእህቷ ቅባት

ባለቤቴ ዛፊራ ቀናተኛ ናት። ይህን የምለው ስሟን ለማጥፋት አይደለም፤ ራሷ ብትጠየቅም «አዎ ነኝ፣ ምን ይጠበስ?» ነው መልሷ። ግን በሁሉም ሰው አትቀናም። ጎረቤት አዲስ መኪና ቢገዛ ዞር ብላ አታይም። እኔ በወጣትነቴ ሠርግ ቤት ከማንም ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ ብጨፍር ደንታ አልነበራትም። እንዲያውም ትንሽ ቢከፋት ደስ ባለኝ ነበር። ቅናቷ በሙሉ ተጠራቅሞ የተቀመጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ለእናቷ ልጅ ለሩመና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእኛ በሮዶፒ ተራሮች በሰኔው ዮሐንስ በዓል ዕለት ሴቶች ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ መድኃኒት ይለቅማሉ። ሰባ ሰባት ተኩል ዓይነት ቅጠል ይባላል። ሰባ ሰባቱ ስም ላላቸው በሽታዎች ነው፤ ግማሿ ደግሞ ስም ለሌለው በሽታ። ያቺን ግማሽ የምታውቅ ሴት ናት እንግዲህ የመንደሩ መድኃኒተኛ። አማቴ ስቶይና ታውቃት ነበር ይባላል። ዛፊራን ገና በልጅነቷ ይዛት መውጣት ጀምራ፣ ቅጠሉን ሁሉ ስታስተምራት ኖረች። ያቺን ግማሽ የምታሳያት ትልቅ ሴት ስትሆን ነበር።

ዛፊራ ትልቅ ሴት ሆነች፣ አገባችኝ፣ ወለደች። የሰኔው ዮሐንስ ሲደርስ ታዲያ የአሥር ቀን አራስ ነበረች። አራስ ደግሞ ከአርባ ቀን በፊት ከቤት አትወጣም። በዚያ ጠዋት እናቷ ታናሿን ሩመናን ይዛ ወጣች። በክረምቱ አማቴ ሞተች፤ ነፍሷን ይማር። ከቀብሩ መልስ ጀምሮ የመንደሩ ሰው «የእናትየው እጅ ሩመና ላይ ቀረ» ይል ጀመር።

«እኔ ልጅ ታቅፌ ተኝቼ ግማሿን ቅጠል ሰረቀችኝ» ትላለች ዛፊራ። ይህን ያልሰማች ጎረቤት የለችም።

ሁለቱም የቁስል ቅባት ይሠራሉ። በሰኔው ዮሐንስ የሚለቀመውን ቢጫ አበባ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው ዘይቱ እስኪቀላ ፀሐይ ላይ ያኖሩታል፣ ከዚያ ሰምና የጥድ ሙጫ ይጨምሩበታል። ዛፊራ የበግ ሞራና የጎርጠብ ቅጠልም ትጨምርበታለች። እኔን ብትጠይቁኝ ልዩነቱ አይታየኝም። ሰው ግን ወደ ሩመና ነው የሚሄደው። በእኛ በር አልፎ፣ ለእኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ወደ ሩመና!

በዚህ ላይ ዶክተር ኢሊያና መጣች። ከፕሎቭዲቭ ከተማ የመጣች የመድኃኒት ተመራማሪ ናት። ከየመንደሩ ቅባት ስትሰበስብ ከርማ የሩመናውን መረጠች። የዛፊራን የጠየቃት የለም። ሩመና ጋዜጣ ላይ ወጣች፤ በፎቶው ላይ ማሰሮዋን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ዛፊራ ፎቶውን አይታ «ሻርፑ የኔ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ የእሷ ነበር።

ዶክተሯ በመንደሩ ጤና ጣቢያ ሰብስባ አስረዳችን። «የቤት ቅባት አንዱ ማሰሮ ይበረታል፣ ሌላው ይደክማል። እስከ መኸር ደግሞ ቅባቱ ይበላሻል። እኛ የቅጠሉን ኃይል መጥነን፣ ቁስሉ ላይ ቀስ እያለ የሚለቅ አድርገን ቱቦ ውስጥ አስገብተነዋል። አሁን በሰው ላይ እንሞክረው። ለግማሾቻችሁ ቅጠል ያለበት ይደርሳችኋል፣ ለግማሾቻችሁ የሌለበት። ቀለሙም ሽታውም አንድ ነው። የትኛው ለማን እንደደረሰ ነርሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

ዛፊራ ቅልጥሟ ላይ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልድን ያለ ቁስል ነበራት። እጇን አወጣችና «እኔን ጻፉኝ» አለች። ሩመና በደስታ አቀፈቻት። የዋህ!

ቤት ስንገባ «ምን አስበሽ ነው?» አልኳት።

«ቅባቷ እንደማይሠራ በገዛ እግሬ አሳያታለሁ።»

«እግርሽ ባይድን ደስ ሊልሽ ነው?»

«እግሩ የኔ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?»

ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ። የኔዋ ነቀዙን ከቅልጥሟ ጀመረችለት ማለት ነው። ሆኖም ቁስሉ ውሎ አድሮ ይጠግግ ጀመር። ነርሷ በየሳምንቱ እየለካች «ጎበዝ!» ትላታለች። እኔም አማቴን እያመሰገንኩ ዝም አልኩ፤ የግቢያችን በር ዝም እስካለ ድረስ።

ያ በር ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ሲጮህ የኖረ ነው። ማታ ራኪያ የምንለውን አረቄ ቀምሼ ስገባ መንደሩን ሁሉ የሚቀሰቅስብኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ብገፋው ትንፍሽ አላለም። ማጠፊያውን ብነካው ጣቴ ቀልቶ ወጣ። ባሸተው የጤና ጣቢያው ቅባት ነው።

«ዛፊራ! ይህን በር ምን ቀባሽው?»

«የእህቴን መድኃኒት» አለች ሳታፍር። «ለብረት ቆንጆ ነው።»

«እግርሽንስ?»

«በራሴው ቅባት። ምነው?»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ሰዎቹ እኮ ጥናት ላይ ናቸው!»

«መጀመሪያ ቁስሉን እንዲሁ ልተወው ብዬ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ያቃጥለኛል፣ ማኖል። መዳን እፈልጋለሁ። እሷ እንድታድነኝ ነው የማልፈልገው።»

እንዲህ ብላ በገዛ እጇ ወጥመድ ውስጥ ገባች። ቁስሉ ጭራሽ ሲደርቅ መንደሩ ሁሉ ሩመናን አመሰገነ። ንብ አናቢው ጋቭሪል ሱቅ ደጃፍ ላይ «ዛፊራ፣ ታናሽሽ አይደለች አቁማ ያስኬደችሽ! ሂጂና እጇን ሳሚ እንጂ!» አላት። ሩመናም መጥታ ቅልጥሟን በጣቷ እየዳሰሰች «እሰይ እትዬ፣ ባንቺ መዳን የተደሰትኩትን ያህል በምንም አልተደሰትኩ» ስትላት፣ ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ «ተመስገን» አለች። በኑሯችን እንደዚያ ሳምንት ተርቤ አላውቅም፤ የሠራችው ምግብ ሁሉ አርሮ ነው የቀረበው።

በመኸር ዶክተሯ መንደሩን አዳራሽ ሰበሰበችና ማን የትኛውን እንደተቀባ የተጻፈበት የታሸገ መዝገብ ተከፈተ አለች። ፊቷ ግን አልፈካም። «ቅጠል ያለበትን የተቀቡት ተሽሏቸዋል። ችግሩ የሌለበትን ከተቀቡትም የዳነ አለ። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ጠበበብን። በዚህ ውጤት ጥናቱን እንቀጥል ብል የሚሰማኝ የለም።»

ዛፊራ ብድግ አለች። «የኔ የትኛው ነበር?»

«በሰው ፊት ልንገርዎ፣ ወይዘሮ ዛፊራ?»

«የምደብቀው የለኝም» አለች፤ ይቺ ደግሞ!

«ቅጠል የሌለበት ነበር። ከሁሉም ቀድሞ የዳነውም የእርስዎ እግር ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋቭሪል «እንግዲያው ቅጠሉን ለፍየል ስጡት! ባዶ ቅባት ይበቃናል!» ብሎ ጮኸ። ሩመና ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ባለቤቴን አየኋት። መጀመሪያ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ብቅ አለ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ነገር ደረሰ፤ ሩመና በሰው ፊት ተዋረደች። ዝም ብላ ብትቀመጥ አለቀ፣ ደቀቀ።

ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ጋቭሪል እንደገና «ባዶ ቅባት ለዘላለም ይኑር!» ሲል ቅንድቧ ተሰበሰበ። ገባኝ። በእህቷ መበለጥ አንድ ነገር ነው፤ በባዶ ቅባት መበለጥ ግን የሚዋጥላት አልሆነም።

«ዝም በል፣ አንተ ማር ሌባ!» ብላ ጮኸች። «የዳንኩት በባዶ ቅባት አይደለም! የዳንኩት በኔ ነው! በገዛ እጄ በሠራሁት! የእናንተን ቱቦ የበር ማጠፊያ ነው የቀባሁት!»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ወይዘሮ ዛፊራ፣ እንግዲያው ከጥናቱ ወጥተዋል። የወጡበትንም ምክንያት እንጽፋለን። እርስዎ ሲወጡ ልዩነቱ ይሰፋል። ተረጋገጠ አልልም፤ ግን በብዙ ሰው ላይ እንደገና ልንሞክረው ይገባል።»

«የኔን እግር ማን አዳነው ተብሎ ይጻፍ?»

«እሱን አናውቅም። የእርስዎ ቅባት ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ መታጠቡና መታሰሩም ሊሆን ይችላል። ከፈለጉ ትንሽ ይላኩልኝ፣ ልመርምረው።»

«ከሷ ቀጥሎ? ሁለተኛ ሆኜ? አልልክም!» አለችና ወጣች። በቅናቷ እህቷን ልትጥል ሄዳ በቅናቷ አንስታት ተመለሰች።

ሩመና ተከትላን መጣች። በሩን ገፋችው፤ ዝም። «እንኳን በሩ ዳነልሽ» አለች በምሬት።

«ግማሿን ቅጠል የሰረቅሽኝ አንቺ!» አለቻት ዛፊራ። «እማዬ ያሳየችሽን!»

«የቷን ግማሽ? ምንም አላሳየችኝም!» ሩመና እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ያን ዕለት አንቺን የወላድ ትኩሳት ይዞሽ ነበር። መንገዱን ሙሉ ‹ዛፊራዬ፣ ዛፊራዬ› ስትል ነው የሄደችው። የቀጠፈችውን ሁሉ ለአንቺ ማጠቢያ ነው የቀጠፈችው። ፀሐይ ሳትወጣ እየሮጥን ተመለስን። እኔን አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም! ቅባቱን የተማርኩት ብቻዬን እያበላሸሁ ነው። አንቺን ከሕፃንነትሽ እጅሽን ይዛ አስተማረችሽ፣ እኔን ግን በግ አስጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት አንጀቴ ሲያር የኖረው በማን ይመስልሻል?»

ዛፊራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው።»

«ቀናሁብሽ! ይኸው አልኩልሽ! እስከ ዛሬም እቀናብሻለሁ!»

ባለቤቴ ተነሥታ የድንች ቂጣውን አወጣች፣ ትልቁን ቁራጭ ለእህቷ ሰጠች፤ አላረረም። በሉ፣ ተላቀሱ፣ ስለ እናታቸው አወሩ። ሩመና ስትሄድ ዛፊራ እስከ በሩ ሸኘቻትና ብቻዋን እዚያው ቆማ ቀረች። ላጽናናት ብዬ ወጣሁ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ማኖል» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትቀናብኝ ኖራለች። እኔ ሳላውቀው! ስንት ደስታ አመለጠኝ!»