የአባት ቤት ስም

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ብቸና ከተማ በሚገኘው የምርጫ ክልሉ ጽህፈት ቤት አንዲት የግል ተወዳዳሪ ካስገባችው የድጋፍ ፊርማ ስድስት ገጽ ተመለሰባት። በገጾቹ ላይ የሰፈሩት የሴቶች ስሞች በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ካሉት ጋር አልገጠሙም። ያለ እነዚያ ስድስት ገጾች ለተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር የሚያስፈልገው ፊርማ አይሞላም። ምዝገባው የሚዘጋው አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

እስከዚህ ያለው ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። ደብተሬ ላይ የሌለውን ግን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ጎህ ሲቀድ የጣለው ዝናብ ገና ከባሕር ዛፎቹ ይንጠባጠብ ነበር። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ነበር፤ ክፍሉ በውኃ የተሞላ፣ እኛም በውኃው ውስጥ በዝግታ የምንንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ሴትዮዋ መዳፏን ገጾቹ ላይ አሳረፈች፤ ልክ ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር።

«ሰዎቹ የሉም ነው የምትለኝ?» አለችው ኃላፊውን።

«የሉም አላልኩም፣ እትዬ። እዚህ የፈረመችው ሴት በጎጡ መዝገብ ላይ የለችም፤ መዝገቡ ላይ ያለችው ደግሞ አልፈረመችም።»

«አንድ ሴት ናት እኮ!»

«ወረቀቱ ሁለት አድርጓታል። እኔ ምን ላድርግ?»

ኃላፊው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። መመሪያውን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበላት። ስሟ ከመታወቂያዋ ጋር ያልገጠመ ደጋፊ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ትቀርባለች፤ ስሟን በአፏ ተናግራ ታረጋግጣለች።

«በአፏ?» አለች።

«በአፏ።»

ያን ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ስሙ የፍቅር ነው፤ አንዷ የወርቅ፣ አንዷ የብርሃን፣ አንዷ የጥላ ስም ታገኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባት ቤት ስሟ በባሏ ወገኖች ፊት አይነሳም። እሷም አታነሳውም፤ ማንሳት የአማትን ስጦታ መመለስ ነው። መታወቂያ ግን አማት አያማክርም፤ የአባት ቤቱን ስም ይጽፋል። የተመለሱት ስድስት ገጾች የተፈረሙት ወፍጮ ቤት ደጅ፣ ወረፋ ሲጠበቅ ነው። ወረፋውን የያዙት ምራቶች ብቻ አልነበሩም፤ አማቶችም ነበሩ። በአማቷ ፊት የአባቷን ቤት ስም የምትናገር አልተገኘችም። ሁሉም በቤት ስማቸው ፈረሙ። ያስፈረመችው ራሷ ተወዳዳሪዋ ናት። ሠላሳ ዓመት ገደማ አማቷ ባወጡላት ስም ስትጠራ ኖራለችና ስህተቱ አልታያትም። ለእኔም አልታየኝም፤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ይህች ሴት የሞጣ ልጅ ናት፤ ለብቸና የተዳረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔም ሞጣ ተወልጄ፣ ለሬዲዮ ዜና ለመላክ ብቸና የተቀመጥኩ ነኝ፤ መጀመሪያ ያገናኘን ይኸው የአገር ልጅነት ነው። ሰባተኛ ክፍል ለደረሰች ልጇ ሽማግሌ ሲላክ እምቢ አለች። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ተራ መጣ፤ ከዚያ የሌላ ጎጥ ልጅ። አሠራሯ እንደ ማንም አልነበረም። ሰርግ ወደታሰበበት ቤት እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ ትገባለች፤ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ስለመጣችበት ጉዳይ አንድ ቃል አትተነፍስም። የቤቱ ሰው ለምን እንደመጣች ያውቃል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ክሩ ይረዝማል፣ ዝምታው ይከብዳል፤ በመጨረሻ የልጅቷ እናት ወይም አባት ራሳቸው ይጀምሩታል። ብዙ ቤት ተቀምጬ አይቻታለሁ። የእንዝርቱ መሽከርከር እያፈዘዘኝ፣ ክርክሩ መቼ እንደተጀመረ ሳላውቅ ያለቀበት ቀን አለ።

በኋላ ወላዶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት በጤና ጣቢያው እንዲሠራ ጠየቀች፤ ተሠራ። የወረዳ ምክር ቤት ገባች። እዚያ ያነሳችው ጉዳይ ሁሉ አንድ መልስ ይሰጠው ጀመር፤ ከላይ ነው የሚወሰነው። አንድ ቀን «ላይ የሚሉት የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። «አውቶቡስ ይሄዳል አይደል?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ያን ማክሰኞ ከጽህፈት ቤቱ ስንወጣ፣ «በሬዲዮ ንገሪልኝ፤ መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ በይ» አለችኝ።

«ገጾቹ መመለሳቸውንና መመሪያው የሚለውን እዘግባለሁ። ጥሪ ግን አላስተላልፍልሽም። እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም።»

«ድሮም ደረቅ ነሽ!» ብላ ሳቀች። ጥቂት ሄደን ቆመች። «ቢነገርስ ማን ይመጣል? አማቶቹ ሳይፈቅዱ አንዷም አፏን አትከፍትም። የእኔዋ ካልፈቀዱ ደግሞ ሌሎቹ አይፈቅዱም።»

የእሷ አማት ፊርማው የተሰበሰበባቸው የሦስቱ ጎጦች ትልቅ ሴት ነበሩ። የብዙዎቹ ምራቶች ስም ሲወጣ አጠገብ የነበሩት፣ ጥቂቱንም ራሳቸው ያወጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሳምንት ለዓይናቸው ሕክምና ሞጣ፣ ሴት ልጃቸው ቤት ነበሩ። ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። እኔ የሄድኩት ዜናዬ ስላላለቀ ነው።

ያ መንገድ በልጅነቴም በሥራዬም ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት አላውቅም፤ ትዝ የሚለኝ ግን እንደ አንድ ጉዞ ነው። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። በግራችን ጮቄ አንድ ጊዜ ይታያል፣ ሌላ ጊዜ የለም። የታረሰው መሬት ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ የበሬ ጭራ፣ የሰው ትከሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከጭጋጉ ብቅ ይልና መልሶ ይሰምጣል። ከኋላችን ሁለት ሴቶች ስለ አንድ የጠፋ በግ ያወራሉ። ድምፃቸውን እየሰማሁ አንቀላፋሁ መሰለኝ፤ ስነቃ በጉ ተገኝቷል፣ ጉንደወይን ደርሰናል፣ ተወዳዳሪዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መስኮቱን ታያለች። ለአማቷ የምትለውን እየተለማመደች ነበር። ለዓመታት ሰው ቤት ዝም ብላ የፈተለች ሴት፣ መጀመር ያለባት እሷ ስትሆን ጊዜ ቃል አጥታ ነበር።

አማቷን ያገኘናቸው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው። አንድ ዓይናቸው በነጭ ሻሽ ታስሯል። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር በመዳሰስ ይለቅማሉ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ድምፅሽ ቀጥኗል። ተሸነፍሽ?»

«ገና አልተወዳደርኩም።»

«ታዲያ ምን አቀጠነሽ?»

ነገረቻቸው። የተለማመደችውን ሁሉ ረስታ፣ ከመሃል ጀምራ ነገረቻቸው። እሳቸው መልቀማቸውን አላቆሙም።

«እኔ ያወጣሁልሽን ስም መንግሥት ጠላው በይኛ!»

«አልጠላውም፣ እማማ። አያውቀውም።»

«አገር ሲጠራሽ የት ሄዶ ነው? እና አሁን የአባትሽን ቤት ስም ፊቴ ልትጠሪ ነው?»

«የእኔማ በመታወቂያዬ ተመዝግቧል። የስድስት ገጽ ሴቶች ናቸው የቀሩት። እርስዎ ካልፈቀዱ ሌሎቹ እናቶች አይፈቅዱም። አርብ ይዘጋል።»

አሮጊቷ ከምስሩ ጠጠር አውጥተው ጣሉ። የሩቅ ዶሮ ጮኸ። ምስሩን ሰፌዱ ላይ በመዳፋቸው አንከባለሉት።

«እዚያ ቤት ገብተሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጠይቃለሁ።»

«ማንን?»

«ሚኒስትሮቹን።»

«እንዝርትሽን ያስገቡሻል?»

«አያስገቡኝም መሰለኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ መናገር ልመጂ። ዛሬ እንዳወራሽው ካወራሽ ይተኙብሻል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? ትንፋሽሽ ይሰማኛል።»

ነገርኳቸው። የአባቴን ቤት አወቁት።

«ይኼን ልትጽፊው ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስሜን እንዳታነሺ።»

«አላነሳም።»

ሰፌዱን ለምራታቸው አቀበሏት። «ያወጣሁትን ስም አልመልስም፤ የሰጠሁት የሰጠሁት ነው። ለመስማት ግን አልተገደድኩም። ነገ ውሰጂኝ።»

«ሐኪሙ እስከ ሰኞ አይንቀሳቀሱ ብሎዎታል እኮ!»

«ሐኪሙ የተናገረው ስለ ዓይኔ ነው። እኔ የምሄደው ለጆሮዬ ጉዳይ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም አልገባንም። ሐሙስ ከመካከላችን አስቀምጠን ተመለስን። ብቸና እንደደረስን አሮጊቷ ወደ ሦስቱ ጎጦች መልእክት ላኩ፤ አርብ ምራቶች ከነመታወቂያቸው፣ አማቶች ከነነጠላቸው።

አርብ ጠዋት የጽህፈት ቤቱ በር ሲከፈት ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ ከጭጋጉ ውስጥ እየወጡ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ነጭ ነገር፣ ቀጥሎ እርምጃ፣ ቀጥሎ ፊት። ምራቶቹ በመስኮቱ ፊት ተሰለፉ። አማቶቹ ከግቢው ግንብ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተደረደሩ። ከሞጣ የመጡት አሮጊት መሃል ተቀምጠው አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው አወረዱ፤ በነጠላው ላይ ሁለት መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ገጠሙ። አጠገባቸው ያሉት አዩአቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ግንቡን ተከትሎ እስከ ዳር ድረስ፣ አማቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን ያዙ።

የመጀመሪያዋ ሴት መስኮቱ ጋ ቀረበች።

«ስም?» አለ ኃላፊው።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም፣ እናቴ።»

«አንተም ጆሮህን ሸፍነሃል እንዴ?» አለች ከሰልፉ አንዷ፤ ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ሴትዮዋም እየሳቀች ስሟን ተናገረች። ኃላፊው መታወቂያውን አየ፤ ምልክት አደረገ።

ከዚያ በኋላ ስሞቹ መጡ። እነዚህን ሴቶች ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ ድምፃቸውን ቀርጬ አየር ላይ አውለዋለሁ። ያን ቀን የሰማሁት ግን ሌላ ድምፅ ነበር። ልጅ አሳዳጊ ሆነው፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው አማት ሆነው፣ የአባት ቤት ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀጥናል። ከወንዝ ማዶ ሲጠሩ «አቤት» የሚሉ ይመስል ነበር። ከምራቶቹ በዕድሜ የገፉት አንዷ ግን መስኮቱ ጋ ደርሰው መታወቂያቸውን አቀበሉና ቆሙ።

«ጠፋኝ» አሉ።

ኃላፊው መታወቂያውን በእጁ ይዟል፤ ስሙ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ማንበብ አልተከለከለም፣ ሊነግራቸው ግን አይችልም። «በአፍዎ ነው፣ እናቴ» አለ በዝግታ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» አለች ከኋላ የአንድ ቀዬ ልጅ።

«አንቺ ዝም በይ፤ መመሪያ አለ!» አሏት ሌሎቹ።

ሴትዮዋ ወደ ጭጋጉ ዞረው ቆሙ። ሰልፉ ጠበቃቸው። ደብተሬ ላይ «አራት ደቂቃ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለእኔ ግን ከዚያ ይረዝማል። ከዚያ ስሙን ተናገሩት፤ ለኃላፊው አይደለም፣ ለሜዳው። ግንቡ ሥር፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሸመገሉት፣ ስማቸው ጠፍቷቸው የነበሩት የእኚሁ ሴት አማት፣ «መልካም ስም ነው» አሉ። ማንም ያልሰማ መሰለ።

ከቀትር በኋላ ዝናብ መጣ። አምስት ገጽ ተሟልቷል፤ ስድስተኛው የሩቁ ጎጥ ነበር፣ ሴቶቹም ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል ተባለ። ተወዳዳሪዋ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል፣ እሷ መንገዱን ታያለች፣ ሁለቱም አይነጋገሩም። አማቶቹ በረንዳው ሥር ተጠግተው፣ እጃቸው ደክሞት፣ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ በሻሽ አስረውታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ አባራ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት የራሰ ሴቶች በመንገዱ ጫፍ ታዩ፤ መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው አናታቸው ላይ ይዘውታል።

«ሩጡ!» ብላ ጮኸች ተወዳዳሪዋ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ሮጡ። ቃላቸው ከትንፋሻቸው ጋር እየተቆራረጠ ስማቸውን ተናገሩ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ማኅተም የተመታው በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ነው። የተመዘገቡ ዕጩዎች ዝርዝር በማግስቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ እሷ አለችበት። ድምፅ የተሰጠው ክረምቱ ሳይጠነክር ነው፤ አሸነፈች። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቱ ሲከፈት ጋዜጠኞች በሚቀመጡበት ሰገነት ላይ ነበርኩ። ቃለ መሐላ ፈጸመች። የተቀመጠችው ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ ነው።