አማካሪው ሊያስወጣኝ የነበረበት ማመልከቻ

ጥፋተኛው አቶ ሰለሞን ነው፤ የልጅ ልጄ የትዕግሥት የትምህርት አማካሪ።

ትዕግሥት ለቢዝነስ ሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክት ስለ እኔ ጽፋ ነበር። በ1950ዎቹ ከሂርና ወደ ድሬዳዋ ጫት በምልክበት ጊዜ ፊደል ስለማላውቅ የየደንበኛውን እስር የምለየው በገመድ ቋጠሮ ነበር።

አቶ ሰለሞን ግን «አያትሽን አውጪና የተማረ ነጋዴ አስገቢ» አላት። ደግነቱ አልሰማችውም።

ዛሬ ጭሮ ወዳለው የአቶ ሰለሞን ቢሮ ከትዕግሥት ጋር አብረን ሄድን። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏታል!

የላኩላትን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት፤ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። «የአያትሽን ዘዴ ለክፍሉ እንድታስረጂልን እንፈልጋለን» ይላል።

«እማማ፣ እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው» አለ አቶ ሰለሞን።

«ታዲያ የተማረውን ነጋዴ አገኘኸው?» አልኩት። ትዕግሥት በሳቅ ሞተች።

እናንተንስ ከልጃችሁ ማመልከቻ ሊያስወጣችሁ የሞከረ አለ? ንገሩኝ።

እኔ ከእንግዲህ ሥራዬን ሲጠይቁኝ እንደ ድሮው «ምንም» ብዬ አልመልስም።