በ«ጫኚ» እና በ«ተጫኚ» መካከል

«አንተ ደመና፣ እለፍ በደጄ... ምንትስ ምንትስ... ጥላህ ይበቃኛል...»

ኮምፒውተር ጠጋኟ ብሎን ስትፈታ ሁሌ ይቺኑ ታንጎራጉራለች። መካከሉን የምታውቀው እናቷ ነበረች። የእናቷ ድምፅ ደግሞ ዛሬ ተቀድቶ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በታላቅ እህቷ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ።

ያ ኮምፒውተር ማዝገም ከጀመረ ሰንብቷል። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ልታስገባለት አስባ፣ እስከዚያው እህቷ እንድትሞክረው እሱ ያለበትን ፍላሽ ሰጥታታለች።

«ስንት ዓይነት ነው ደግሞ ይሄ ሊኑክስ?» ብላ ነበር ልብስ ሰፊዋ እህት።

«እትዬ፣ ዜማው አንድ ነው፣ ዘፋኙ ብዙ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ በራሱ ቅኝት ያዘጋጀዋል። ዴቢያን የሚባለው ረጋ ያለ ነው። ከእሱ ኡቡንቱ ወጣ፣ ለጀማሪ የሚመች፤ ያንቺ እሱ ነው። አርች የሚባለውን ግን ራሱ መገጣጠም ለሚወድ ተይለት።»

«እኔ መገጣጠም የምወደው ጨርቅ ነው።»

ዛሬ እህቷ ደወለች። «‹ሞክር› የሚለውን ተጫኚ፤ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል» አለቻት ጠጋኟ። መስመሩ ተቆራረጠ። ቆየት ብሎ እህት በኩራት መልሳ ደወለች።

«እንዳልሽኝ እየጫንኩት ነው።»

«ተጫኚ ነው ያልኩሽ፣ እትዬ።»

«ጫኚ ነው የሰማሁት። ምን ልዩነት አለው?»

ልዩነቱ አንዲት «ተ» ነበረች፤ መጫን ግን ዲስኩን ከነእናታቸው ድምፅ ይደመስሳል።

«ምንም እንዳትነኪ። መጣሁ።»

ታክሲው ተሳፋሪ ባወረደ ቁጥር ሰዓቷን ታያለች። ዲስክ ሲደመሰስ አይጮኽም፣ አይጨስም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል።

በሩን ገፍታ ስትገባ እህቷ እጇን አጣጥፋ ስክሪኑ ፊት ቆማለች። መጫኛው የመጨረሻውን ጥያቄ ጠይቆ ይጠብቃል፦ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?

«ረጅም ነገር መጣብኝ» አለች እህት። «ያልገባኝን እሺ ብዬ አላውቅም። ባል የቀረብኝም በዚሁ ነው።»

ጠጋኟ መሳቅ አልቻለችም። መጫኛውን ዘጋች፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳች፣ ዲስኩን ከፈተች። የእናታቸው ድምፅ ያለበት ፋይል አለ። ይዛው በመጣችው ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረች።

«ከጠዋት እህል ቀምሰሻል?»

«ይጨርስ መጀመሪያ።»

«እያየሽው አይፈጥንም፣ የኔ ልጅ።»

ስክሪኑ ላይ የመገልበጫው መስመር ሞላ። የተገለበጠውን ከፍታ አጣራች፣ ዲስኩን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ሁለት ጊዜ ነካካችው። እህቷ የጨርቅ ቁርጥራጩን ከጠረጴዛው ገፋ አድርጋ ሳህን አስቀመጠች። ጠጋኟ ቦርሳዋን ከጭኗ ሳታወርድ ቁጭ አለችና ማንኪያውን አነሳች።