እሑድ እስኪያልፍ የቆየ መርዶ

ልጄ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር ሳታሸንፍ መሪ ነበረች። ይህን ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኝ ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምሁ ሴት ነኝ፤ የገባኝም እሷ ደጋግማ ስላስረዳችኝ ነው። የብስክሌት ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል፣ ክረምቱን ያርፋል፣ ኅዳር ላይ ያልቃል። አንዴ ሐሙሲት፣ አንዴ እብናት፣ አንዴ ከእኛው ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት፤ እያንዳንዱ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ያልቃል። ቀድማ የገባች ብዙ ነጥብ ታገኛለች፣ የሁለተኛዋ ያንሳል፣ የሦስተኛዋ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ነጥቡ ከውድድር ውድድር እየተደመረ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሁሉ የበለጠ ያላትን ልጅ ባሕር ዳር ያለ ክለብ ደመወዝ ቆርጦ ይወስዳታል።

«አንድ ቀን እንኳ ሳትቀድም እንዴት መሪ ትሆናለች?» ትለኝ ነበር ጎረቤቴ።

«ሌሎቹ አንድ ቀን ያሸንፉና ሌላ ቀን ይወድቃሉ፣ ወይ ይቀራሉ። የኔዋ ወድቃም ቀርታም አታውቅም።»

«አንቺን ወጥታ ነዋ። አንቺ እኮ በደረቅ መሬት ስትሄጂም እያየሽ ነው የምትረግጪው።»

እውነቷን ነው። ብስክሌቱ ቤታችን ከገባ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። ባለቤቴ ነው ከጎንደር በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ያመጣላት፤ ለትምህርት ቤት መሄጃ ብሎ። ለእሽቅድድም እንደሚሆን ባውቅ ኖሮ በር ላይ እመልሰው ነበር። ከዓለም በር ወደ ወረታ የሚወርደውን ቁልቁለት ባሰብሁ ቁጥር ከመኝታዬ እነሣለሁ። የጭነት መኪና ሲጮኽ እሷን ያገኛት ይመስለኛል። ውድድር ባለበት ቀን ማለዳ ተነሥቼ ጎማውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፣ ፍሬኑን እጨብጠዋለሁ። ስለ ፍሬን የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ባለቤቴ ያየኝና ይስቃል። «ተያት። ፈሪነትሽን አልወረሰችም፤ ጥንቃቄሽን ነው የወረሰችው» ይለኛል።

እሱ መስቀልን ውሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ በረሃ ወረደ። በየዓመቱ ይወርዳል፣ በኅዳር ይመለሳል። ያን ዓመት ሲሄድ ልጄን «የመጨረሻውን ውድድር ሳልደርስ እንዳታሸንፊ» ብሎ ቀለደባት።

የመጨረሻው ውድድር ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ላይ የሚያልቅ ነበር፤ መንገዱ አብዛኛው ዳገት ነው። የልጄና የአንዲት የጋይንት ልጅ ነጥብ ተጠጋግቶ ስለነበር ከሁለቱ ቀድማ የምትገባው የዓመቱን ትወስዳለች። የጋይንቷ ዳገት ላይ የሚችላት አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ልጄ ከቡድኗ ጋር ወደ ወረታ ልትወርድ ስትል እንደ ልማዴ ጎማውን ተጫንሁ።

«ቀስ በይ» አልኋት።

«እማ፣ ቀስ ካልሁማ የጋይንቷ ትበላኛለች።»

«ትብላሽ። ብቻ ግቢ።»

ሣቀችብኝና ሄደች።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደመጣ መጠየቅ አያሻም። የነፍስ አባታችን ከፊት ነበሩ። ባለቤቴ በበረሃ ንዳድ ታሞ ሞቷል፤ እዚያው ተቀብሯል። ወሬውን ያመጣው አብሮት ያጭድ የነበረ የጋይንት ሰው ነው፤ ዓርብ ማታ ለአባ ነግሮ ወደ አገሩ አለፈ።

ልጮኽ አፌን ስከፍት የልጄ የልምምድ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

«አባ፣ እሑድ ይለፍ» አልሁ።

«ምኑ ነው እሚያልፈው፣ ልጄ?»

«ልጅቱ ወረታ ናት። ዛሬ ብትሰማ ነገ አትወጣም። የዓመት ድካሟ ነው።»

«መርዶ ለአንዱ ተነግሮ ለሌላው አይያዝም። በአንድ ቤት ሁለት ፊት ይሆናል» አሉኝ።

«እሱም ቢሆን ይህን ይፈልግ ነበር።»

«የሞተ ሰው የሚፈልገውን እኛ አናውቅም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን «ተቀብሯል እኮ፤ የሚያመልጠን ነገር የለም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እንመለሳለን» አለ። አባ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ይህን እንደ እሺታ ቆጠርሁት።

ቤት ዘግቼ ብቀመጥ ወሬው ወረታ ይደርሳል ብዬ ገበያ ወጥቼ ድንቼን ዘረጋሁ። ነጠላዬን አልዘቀዘቅሁም፤ ጥለቱ እንደ አዘቦቱ ወደ ታች ነበር። ቅዳሜ የሰው መብዛቱ፣ የክርክሩ ጩኸቱ የታወቀ ነው። በዚያ ቀን እኔን ዋጋ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያልሁትን ሰጥቶኝ፣ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። መንደሩ አውቋል።

እሑድ ውድድሩ የሚያልቅበት አስፋልት ዳር ቆምሁ። በሌላ ከተማ ሲሆን አልሄድም ነበር፤ እዚሁ ሲሆን ግን ሁልጊዜ እቆማለሁ። ያን ቀን ባልቆም ልጄ ትጠረጥራለች። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ እጄን ይዛኛለች፤ ዕንባዬ ሊመጣ ሲል በጥፍሯ ትቆነጥጠኛለች። ሕዝቡ ወሬ ያወራል፣ ልጆች አጥር ላይ ወጥተዋል። ባንዲራ የሰቀለው ሞተር ብስክሌት መጣ። ከኋላው ልጄ ብቻዋን ነበረች።

ዓመቱን ሙሉ ያላሸነፈች ልጅ ያን ቀን አሸነፈች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ነገር ግን ሴቶቹ እልል አላሉም። ልጄ ይህን ልብ አላለችም። ብስክሌቱን ለአሰልጣኟ ጥላ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ በላብና በአቧራ ተለውሶ ነበር።

«እማ፣ አየሽኝ? ዓለም ሳጋ ጫካው ጋ ጥያት መጣሁ። ዳገት ላይ እኮ ነው።»

«አየሁሽ።»

«ለአባባ ደውይለት። አሁን።»

«በረሃ ኔትወርክ የለም። ነገ።»

«ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ደውዬ ስልኩ ዝግ ነው አለኝ። ነገ ግን ራሴ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ እንዳትቀድሚኝ።»

«እሺ።»

የጋይንቷ ልጅ ከኋላ ብቻዋን ገባች። ብስክሌቷን እየገፋች መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝና ቶሎ አልለቀቀችኝም። «እናቴ፣ አይዞዎት» አለችኝ በጆሮዬ። የአሸናፊ ልጅ እናት አይዞሽ አትባልም። እንደምታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ወሬውን ያመጣው ሰው አጎቷ መሆኑን፣ ዓርብ ዕለት ወረታ ላይ ከመኪና ወርዶ ሰላም ሲላት እንደነገራት የሰማሁት ኋላ ነው።

ማምሻውን ልጄ የዓመቱ አሸናፊ የምትለብሰውን ቢጫ ማሊያ አባቷ ካፖርቱን በሚሰቅልበት ምስማር ላይ፣ ከካፖርቱ በላይ ሰቀለችው። በልታ ተኛች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ለቅሶው ላይ ጎረቤት ሁሉ ድንኳን ውስጥ በተቀመጠበት ከጋይንት ሰዎች መጡ፤ ልጅቱም አብራ ነበረች። ከልጄ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ዓለም ሳጋ ጋ ምን ነካሽ?» አለቻት ልጄ።

«እግሬ እንቢ አለኝ።»

«ያንቺ እግር እንቢ ሲል አንገትሽ ይወዛወዛል። ዓመቱን ሙሉ ከኋላሽ ሆኜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን አልተወዛወዘም።»

ልጅቱ የምንጣፉን ጫፍ ትነካካ ጀመር። «አጎቴ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ምን ላድርግ? አባቷ የሞተባትን ልጅ ጥያት ልሂድ?»

«መሄድ ነበረብሽ።»

«አንቺ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር?»

ልጄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ኔትወርክ የለም አልሽኝ» አለች።

ከሰልስቱ በኋላ አሰልጣኟ የክለቡን ነገር ሊነግራት መጣ። ማሊያውን ከምስማሩ አውርዳ አጣጥፋ ሰጠችው።

«ነጥብ ነጥብ ነው» አላት። «በመዝገብ ገብቷል። ማን ለምን እንደዘገየ ማንም አይጠይቅም።»

«እኔ እጠይቃለሁ» አለችው። «ቦታውን ለሷ ስጧት።»

እኔም ለመንኋት፣ አባም ለመኗት። እንደ እኔ ጠንቃቃ ናት ያልናት ልጅ፣ እንደ አባቷ ደግሞ አንዴ ካለች አትመለስም። ክለቡ የጋይንቷን ወሰደ። አንዳንድ ጊዜ ከቡድኗ ጋር ለልምምድ በከተማችን ስታልፍ ገበያ ዳር ፍጥነቷን ታበርዳለች። ልጄ ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ድንቹን ትመርጣለች። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትሸጠው። ብስክሌቱ ጓዳ ውስጥ ተደግፎ ቆሟል፤ ጎማው ረግቧል፣ በጣቴ መጫን ትቻለሁ።

አትቆጣኝም። ውኃ ትቀዳልኛለች፣ ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ትሄዳለች። ያን እሑድ ባልደብቃት የዓመት ድካሟ ይቀር ነበር፤ ደብቄያትም ቀረ። ይህን አውጥቼ አውርጄ ጨርሼው አላውቅም። አባ ያሉኝ የሁለት ፊት ነገር ግን በየቀኑ ያጋጥመኛል። ልጄ ከውጭ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የነጠላዬን ጥለት ነው፤ ወደ ታች እንደሆነ ታያለች። ከዚያ «እማ፣ ሁሉም ደህና ነው?» ትለኛለች።

«ደህና ነው» እላታለሁ።

ትወጣና ጎረቤቴን ትጠይቃለች።