ሚስቴን ከምእመናኗ ጋር ስካፈል

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ መጋቢያችን ሲታሰር፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተሰወሩ። «ማን ያስተምረን?» ሲባል «እኔ አለሁ» ያለችው ሚስቴ ነበረች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ጸሎት ቤቱን ባሸገው ቀበሌ።

እኔ ሸማኔ ነኝ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ስለነበር፣ ሰዎቹ እሁድ ከሰዓት ጋቢ የሚገዙ መስለው አንድ ሁለት እያሉ ይገቡ ነበር። የእኔ ድርሻ ዝማሬው ወደ ውጭ እንዳይሰማ መሸመን ነበር። እነሱ በተሰበሰቡበት ጓዳ በር አጠገብ ተቀምጬ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እወረውራለሁ፣ ክሩን በመምቻው እመታለሁ፣ ስብከቷንም እሰማለሁ።

መጀመሪያ ኮራሁባት። ከዚያ መቅናት ጀመርኩ። በአንድ ወንድ ብቀና ይሻለኝ ነበር፤ ሄጄ እጣላዋለሁ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? ልጁ የተገደለበት ሾፌር ተንበርክኮ ሲያለቅስ እጇን ጭንቅላቱ ላይ ትጭንለታለች። እኔን ወገቤን ሲያመኝ «ትንሽ ጋደም በል» ብላ ታልፈኛለች። ደግ ቃሏን ሁሉ እነሱ ዘንድ ጨርሳ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ስለ ሐዘን ስታስተምር፣ በተወለደች በሳምንቷ የሞተችብንን ልጃችንን አነሳች። «ጡቴ ወተት ሞልቶ ሲያንጠባጥብ፣ ለቅሶ የመጡት እንዳያዩብኝ ነጠላዬን እደርብበት ነበር» አለች።

ይህን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። እጄ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል አንዲት ሴት «ምታ እንጂ!» ብላ በሹክሹክታ ተቆጣችኝ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ «ለእኔ ያልነገርሽኝን ለእነሱ ትነግሪያለሽ?» አልኳት።

«ልነግርህ ስጀምር ተነስተህ ወደ ሥራህ ትገባለህ። እነሱ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።»

እውነቷን ነበር። ቅናቱ ግን ባሰበት እንጂ አልለቀቀኝም።

ክረምት ሲገባ ሰው ጠቆመብንና አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዷት። በማግስቱ ስንቅ ይዤ ቀበሌ ስደርስ እሁድ እሁድ የሚመጡት ሴቶች ቀድመውኛል። ጠባቂው ሳህኔን ገልጦ አየና «በልታለች» አለኝ። «አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?»

«ባሏ ነኝ።»

«እና እስካሁን የት ነበርክ?»

ምግቡን መልሼ ወሰድኩት፤ መንገድ ላይ ቆሜ በንዴት ራሴ በላሁት።

መስከረም ላይ ስትለቀቅ፣ ከተሰወሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ ብቅ አሉና ወደ እኔ መጡ። «ወንድማችን፣ እስካሁን መልካም ሠርታለች። ከእንግዲህ ግን አገልግሎቱ ለሴት ይከብዳል። እባክህ ምከራት፣ ቤቷ ትዋል» አሉኝ።

ስመኘው የኖርኩት ነገር ነበር። እሺ ልል አፌን ስከፍት ግን ደሜ ፈላ።

«ስትታሰር አንዳችሁም ዝር አላላችሁም» አልኳቸው። «እኔ አልነግራትም። ከደፈራችሁ ራሳችሁ ንገሯት።»

ነገሯት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና «እሁድ ኑ፤ መቀመጫ አይጠፋም» አለቻቸው። መጡም።

በደርግ መጨረሻ ቁጥጥሩ ሲላላ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ለአገልጋይነት ሾሟት። ጸሎቱ ሲያበቃ ሕዝቡ «እናታችን!» እያለ ከበባት። ልስማት ብጠጋ የሚያሳልፈኝ አጣሁ። ውጭ ወጥቼ በሩ ላይ ጠበቅኳት፤ እየቀናሁ።