ገነቴና የሃቢባ መዳፍ

ሆሳዕና ውስጥ እንደ ገነቴ ክብሪት የሚገዛ ሰው አልነበረም። ቤቷ የሚበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ባሏ ማቴዎስ ሲጋራ አያጨስም፤ እሷም የጸሎት ቤት ሰው ስለሆነች ሻማ አታበራም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ልጇን ቤተልሔምን ትምህርት ቤት ካደረሰች በኋላ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው የሃቢባ ሱቅ ጎራ ትልና፣ ብዙ ቆይታ፣ አንዲት ክብሪት ይዛ ትወጣለች። በሩ ላይ ቆመው የሚያወጉት እናቶች ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። አንዷ ከባሏ ተጣልታ ይሆናል አለች፤ ሌላዋ ሱቁን ልትገዛው ነው አለች።

እውነቱ ግን ገነቴ ሀዲይኛ እየተማረች ነበር።

ገነቴ የሀዲያ ልጅ ናት። ነገር ግን አባቷ በወጣትነቱ ለሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ ወርዶ እዚያው ስለቀረ፣ እሷ ያደገችው በአማርኛና በኦሮምኛ ነው። አግብታ ሆሳዕና ስትገባ ሰው ሁሉ እንደ ቤት ልጅ ተቀብሎ በሀዲይኛ ያናግራት ጀመር። አልችልም ማለት አፈረች። ሰው ሲስቅ ትስቃለች፤ ሰው ከንፈሩን ሲመጥጥ እሷም ትመጥጣለች። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ከሚያወጉት እናቶች አንዷ፣ እትዬ አበራሽ፣ ላሟ እንደሞተችባት ስትናገር ግን ገነቴ ቀድማ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ጉንጯን ይዛ፣ ጥርሴን አሞኝ ነው ብላ እንደምንም አመለጠች።

ይሄም ባልከፋ ነበር። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህር ሶፎንያስ ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ደክመዋል ብሎ ሲያዝን ሁሉም እናት አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ገነቴን ምን እንደነካት እንጃ፣ ብድግ ብላ፣

"በእኛ ቤት እንኳ ከሀዲይኛ ሌላ አይነገርም" አለች።

መምህሩ ደስ ብሎት፣ በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ተረት የምታወራው የቤተልሔም እናት ትሁን ብሎ እዚያው ወሰነ። ወደ ቤት ሲመለሱ ቤተልሔም ድንጋይ እየመታች ስትሄድ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል" አለች። ገነቴ ራሷ መሳቂያ ብትሆን ትችለዋለች፤ የልጇ ግን አንጀቷን በላው።

ምስጢሯን ያዋየችው ለሃቢባ ነው። የሃቢባ ቤተሰቦች ከጉራጌ መጥተው ጃጁራ በምትባል የሀዲያ ከተማ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። ገበያ መሃል፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስላደገች ሀዲይኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ዋጋ ስትቆርጥ ባንኮኒውን በመዳፏ ጧ ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከራት የለም።

"የሀዲያን ልጅ ሀዲይኛ የማስተምረው እኔ?" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ አኖረችላት። ሰው በገባ ቁጥር ቶሎ ብላ ክብሪት ታስይዛታለች፤ ክብሪቱ የመጣው በዚህ ነው።

የመረጡት ተረት ጅብ መንገድ ላይ ያገኛት ፍየል እንዳይበላት የምትለምንበት ነው። ሃቢባ ግን ልመና አታውቅም። በእሷ አፍ ፍየሏ ትከራከራለች፤ ጅቡ ሙሉ ሥጋሽን ሲል እሷ ጆሮዬን ትላለች፣ ጭኗን ሲጠይቅ ጅራቷን ትሰጠዋለች። ገነቴ እንደሰማችው ያዘችው።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ሜዳው በወላጅ ሞልቷል። ገነቴ ፊት ለፊት ከተቀመጠው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ጀመረች። ቃሉ ሲወጣላት ለራሷም ገረማት። ፍየሏ፣ ጆሮዬን ውሰድና ሂድ ስትል፣ የገነቴ መዳፍ ሳታዘው ጠረጴዛው ላይ ጧ አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ጅቡ ሲመልስም ጧ። አሁን ወላጆቹም ሳቁ። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ፈርታ ቤተልሔምን ፈለገቻት። ቤተልሔም አልተሸማቀቀችም፤ አግዳሚውን በመዳፏ እየመታች ከጓደኞቿ ጋር ትፍነከነካለች። ገነቴ ልቧ ሞላ። ተረቱ ሊያልቅ ሲል ፍየሏ አፏን ሳትከፍት በፊት ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ ጧ ያደርግላት ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ እትዬ አበራሽ ከፊት ወንበር ተነሳች።

"የቤቲ እናት፣ ይቺ እጅ የሃቢባ ናት። አፉንም ከእሷ ነው የገዛሽው?"

ሕዝቡ ወደ ሃቢባ ዞረ። ሃቢባ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"አዎ፣ እትዬ። ሀዲይኛ አላውቅም ነበር" አለች ገነቴ። "ላምሽ የሞተች ጊዜም ጥርሴን አላመመኝም።"

"አውቄያለሁ። ጥርሱን ያመመው ሰው እንዲያ አፉን አይከፍትም" ብላ እትዬ አበራሽ አቀፈቻት። ያኔ የተሰማው ሳቅ የልጆቹን እጥፍ ነበር። በስብሰባው አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት እናቶችም፣ እኛስ ለልጆቻችን ብለን ብንማር ይባባሉ ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ገነቴ ከሱቁ በር ላይ ሆና፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጠች። በርጩማዋ ተይዛለች፤ ሌሎች ሁለት እናቶች ቀድመዋት ተቀምጠዋል።

"ክብሪት አልቋል" አለች ሃቢባ። "የከተማው ክብሪት በሙሉ አንቺ ቤት ነው።"

ገነቴ በፌስታል ያመጣችውን የክብሪት ክምር ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሃቢባ አየት አደረገችና በሀዲይኛ እጅግ የወረደ ዋጋ ጠርታ መዳፏን ጧ አደረገች። ገነቴም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርወር አድርጋ፣ በዚያው ቋንቋ የራሷን ዋጋ ጠራችና ጧ አደረገች።